ዊልት ቻምበርሌን፤ ኳስን ቶሎ መልቀቅ የተማረው ግዙፍ

በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ ታሪክ በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ ያስቆጠረ ሰው አንድ ብቻ ነው። እርሱም ዊልት ቻምበርሌን ሲሆን ዓመቱ 1962 ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1972 ይኸው ሰው የሎስ አንጀለስ ሌከርስን ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ለከተማዋ ዋንጫ እንዲያመጣ ሲያበቃው ግን፣ በዚያ የውድድር ዘመን በአንድ ጨዋታ በአማካይ ያስቆጠረው ነጥብ 15 እንኳ አይሞላም ነበር። መቶ ነጥብ ባስቆጠረበት ዓመት ዋንጫ አላገኘም፤ ነጥቡን ለሌሎች በተወበት ዓመት ግን አገኘ። የዚህ ሰው ሕይወት በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል የተደረገ ጉዞ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፊላደልፊያው ልጅ

ዊልተን ኖርማን ቻምበርሌን ኦገስት 21 ቀን 1936 በፔንሲልቬንያ ግዛት በፊላደልፊያ ከተማ ተወለደ። አባቱ በእጅ ሥራ፣ እናቱ በሰው ቤት በማገልገል ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሰዎች ነበሩ። በቤቱ ዘጠኝ ልጆች ነበሩ። ወላጆቹ መካከለኛ ቁመት ያላቸው ሲሆኑ፣ ይህ ልጃቸው ግን ከእኩዮቹ ተለይቶ በፍጥነት ይመዘዝ ጀመር። በልጅነቱ የሳንባ ምች ክፉኛ አሞት ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሲሆን፣ በዚሁ ሕመም ምክንያት አንድ ዓመት ያህል ከትምህርት ገበታው ርቋል።

መጀመሪያ የወደደው ስፖርት አትሌቲክስ ነበር። ይሮጣል፤ ከፍታ ይዘላል፤ ርዝመት ይዘላል። ፊላደልፊያ ግን የቅርጫት ኳስ ከተማ ስለነበረች እርሱም ወደዚያው ተሳበ። ኦቨርብሩክ በተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲጫወት ቁመቱ ሁለት ሜትር ከዐሥር ገደማ ደርሶ ነበር፤ በመጨረሻም 216 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በር ሲያልፍ አንገቱን ዝቅ ስለሚያደርግ የሰፈሩ ልጆች ዲፐር ብለው ሰየሙት፤ ይህን ስም ወደደው። ጋዜጦች ያወጡለትን ስቲልት የሚለውን ስም ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ጠላው። ስቲልት ማለት ሰው ወጥቶበት የሚራመድበት ረጅም እንጨት ነው። ቁመቱን እንጂ ሩጫውን፣ ዝላዩንና ልፋቱን የማያይ ስም መስሎ ታየው።

በ1954 ክረምት በኒው ዮርክ ተራሮች መካከል በሚገኝ የመዝናኛ ሆቴል የእንግዶችን ሻንጣ እየተሸከመ ሠራ። ሆቴሉ የራሱ የቅርጫት ኳስ ቡድን ነበረው። ያን ክረምት ቡድኑን ያሠለጠነው ደግሞ ሬድ አወርባክ የተባለው የቦስተን ሴልቲክስ አሠልጣኝ ነበር። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ሻንጣ ተሸካሚና አሠልጣኙ በዚያ ሜዳ ተዋወቁ። ይህ አሠልጣኝ ኋላ ላይ ለዊልት ትልቁ መሰናክል እንደሚሆን ያን ጊዜ የጠረጠረ አልነበረም።

ካንሳስ

በ1955 ዊልት ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ይህ ዩኒቨርሲቲ በቅርጫት ኳስ ታሪክ ልዩ ስፍራ አለው፤ ጨዋታውን በ1891 የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ የመጀመሪያው አሠልጣኝ ሆኖ ያገለገለው በዚያ ነበር። ዊልት በዲሴምበር 1956 በዋናው ቡድን ባደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ 52 ነጥብ አስቆጠረ።

ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ካንሳስ ለጥቁር ተማሪ የተመቸ አገር አልነበረም። ጥቁር ደንበኛ የማያስተናግዱ ምግብ ቤቶች ነበሩ። ዊልት ይህን አሜን ብሎ አልተቀበለም። ዩኒቨርሲቲው በሚገኝበት በሎውረንስ ከተማ ወደነዚሁ ቤቶች እየገባ ይቀመጥ ነበር፤ ዝነኛውን ተጫዋች ለማስወጣት የደፈረ ባለመኖሩም ይስተናገዳል። እርሱ የከፈተውን በር ሌሎችም ተከትለው ገቡበት።

በማርች 1957 ካንሳስ ለዩኒቨርሲቲዎች ዋንጫ ከሰሜን ካሮላይና ጋር ተፋለመ። ተጋጣሚው ቡድን ሁለትና ሦስት ሰው በዊልት ዙሪያ እያቆመ ኳስ እንዳይደርሰው አደረገ። ጨዋታው ሦስት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ከወሰደ በኋላ ሰሜን ካሮላይና 54 ለ 53 አሸነፈ። የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው ዊልት ነበር፤ ዋንጫው ግን የሌላ ሆነ። ትልቅ ተጫዋች ሆኖ ዋንጫ የማያገኝ የሚለው ስም ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ተከተለው። ለካንሳስ ሕዝብ ያሳፈርኩት እኔ ነኝ የሚለውን ስሜትም ለአርባ ዓመት ያህል ተሸክሞ ኖረ።

ትምህርቱን ሳይጨርስ በ1958 ከዩኒቨርሲቲው ወጥቶ ሃርለም ግሎብትሮተርስ ከተባለው ተጓዥ የትርኢት ቡድን ጋር አንድ ዓመት ተጫወተ። በ1959 ከቡድኑ ጋር ሞስኮ ድረስ ሄደ። በዚህ ቡድን ውስጥ ብዙ ጊዜ ከቀለበት ሥር የሚቆም የመሐል ተጫዋች ሳይሆን ኳስ አመላላሽ ሆኖ ይጫወት ነበር። የዚያ ግዙፍ እጅ ኳስ ማቀበልም እንደሚችል ቀድሞ የታየው በዚህ ጊዜ ነው።

አንድ ሰው ከአንድ ቡድን ጋር

በ1959 የትውልድ ከተማውን ቡድን ፊላደልፊያ ዋሪየርስን ተቀላቀለ። በመጀመሪያው ዓመት በጨዋታ በአማካይ 37.6 ነጥብና 27 ሪባውንድ አስመዘገበ። ሪባውንድ ማለት የተወረወረው ኳስ ቅርጫት ሳይገባ ሲነጥር ዘሎ መያዝ ነው። በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም፣ የሊጉ ምርጥ ተጫዋችም ተብሎ ተሸለመ።

በ1961-62 የውድድር ዘመን ያስመዘገበው ቁጥር እስካሁን የሚደርስበት አልተገኘም። በጨዋታ በአማካይ 50.4 ነጥብ አስቆጠረ። ጨዋታው 48 ደቂቃ ሆኖ ሳለ እርሱ በተጨማሪ ሰዓት ምክንያት በአማካይ 48.5 ደቂቃ ሜዳ ላይ ቆየ፤ ዕረፍት አያውቅም ነበር ለማለት ይቻላል። ማርች 2 ቀን 1962 በፔንሲልቬንያ ሄርሺ በተባለች አነስተኛ ከተማ ከኒው ዮርክ ኒክስ ጋር ሲጫወቱ 100 ነጥብ አስቆጠረ። ዋሪየርስ 169 ለ 147 አሸነፈ። በአዳራሹ የነበረው ተመልካች 4,124 ሰው ሲሆን በቴሌቪዥን አልተላለፈም። በነፃ ውርወራ ዘወትር ደካማ የነበረው ዊልት በዚያች ምሽት ከ32 ውርወራ 28ቱን አስገባ።

ያም ሆኖ በዚያው ዓመት ዋንጫውን የወሰደው ቦስተን ሴልቲክስ ነው። በቦስተን በኩል የቆመው የመሐል ተጫዋች ቢል ራስል ነበር፤ አሠልጣኙም በሆቴሉ ሜዳ ዊልትን ያሠለጠነው ያው ሬድ አወርባክ ነበር። ራስል ከዊልት በቁመት ያንሳል፤ የሚያስቆጥረው ነጥብም ከዊልት በእጅጉ ያነሰ ነበር። ሆኖም ራስል በ13 ዓመት ውስጥ 11 ጊዜ ዋንጫ አነሣ። ኖቬምበር 24 ቀን 1960 ዊልት በራስል ፊት 55 ሪባውንድ ያዘ፤ ይህም እስካሁን ያልተሰበረ ክብረ ወሰን ነው። በዚያች ምሽትም ያሸነፈው ቦስተን ነበር።

ምስጢሩ ሪባውንዱ ከተያዘ በኋላ በሚሆነው ነገር ላይ ነው። ፈጣን መልሶ ማጥቃት የሚባለው ስልት የሚጀምረው ከሯጮቹ ሳይሆን ከረጅሙ ሰው ነው። ተጋጣሚው ወርውሮ ሲስት ረጅሙ ተጫዋች ዘሎ ኳሱን ይይዛል። ከዚያ ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው ኳሱን ወደ ደረቱ አውርዶ፣ አንጥሮ፣ ዙሪያውን አይቶ ለቅርብ ሰው መስጠት ነው። ሁለተኛው ገና እግሩ መሬት ሳይረግጥ ፊቱን ወደ ሜዳው ዳር አዙሮ፣ መስመር ላይ ለሚጠብቀው አመላላሽ ወዲያው መወርወር ነው። አመላላሹ ኳሱን ወደ መሐል ይዞ ይገሰግሳል፤ ሁለት ሯጮች በግራና በቀኝ ይከንፋሉ፤ ሦስቱ አጥቂዎች ሁለት ተከላካይ ብቻ ቆሞ ያገኛሉ። ሜዳው 29 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከተወረወረ ኳስ ፈጥኖ ይህን ርቀት የሚሮጥ ሰው ደግሞ የለም። ረጅሙ ሰው በመጀመሪያው ምርጫ ሁለት ሰከንድ ካባከነ አምስቱም ተከላካዮች ተመልሰው ቦታቸውን ይይዛሉ፤ የሯጮቹም ልፋት ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ የቡድኑ ፍጥነት ቁልፍ ያለው በግዙፉ ሰው እጅ ነው። ጅዳ ውስጥ የአል-ኢትሓድን ወይም የአል-አህሊን የቅርጫት ኳስ ቡድን ጨዋታ የሚከታተል የበኒ ማሊክ ነዋሪም ዓይኑን ከሯጮቹ ላይ ነቅሎ ኳሱን ከቀለበቱ ሥር የሚይዘውን ረጅም ሰው ቢመለከት ይህንኑ ያስተውላል።

ራስል በዚህ ሥራ የተካነ ነበር። ሪባውንድ እንደያዘ ኳሱ ከእጁ ይወጣል፤ ቦብ ኩዚ የተባለው አመላላሽ ተቀብሎ ይበራል። ተጋጣሚ የወረወረውን ኳስ በአየር ላይ ሲያከሽፍም ወደ ተመልካች አይመታውም፤ ገፋ አድርጎ የራሱ ሰው እጅ እንዲገባ ያደርገዋል። ዊልት ግን ኳሱን ባለ በሌለ ኃይሉ ከሜዳ ውጭ ይወረውረው ነበር። አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል፤ ኳሱ ግን ለተጋጣሚው ይመለሳል። በማጥቃትም ጊዜ አራቱ ጓደኞቹ ከቀለበቱ ሥር ቦታውን እስኪይዝ ድረስ ይጠብቁት ነበር። ነጥቡ ይበዛል፤ ቡድኑ ግን በእርሱ ፍጥነት ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ኃይሉ ያስፈራቸው የሊጉ ኃላፊዎች በ1964 ከቀለበቱ ሥር ያለውን የተቀባ ክልል ከ12 ጫማ ወደ 16 ጫማ አሰፉት። ረጅም ሰው ከቅርጫቱ ራቅ ብሎ እንዲቆም ለማስገደድ ነበር። ዊልት ግን ማስቆጠሩን አላቆመም።

የመጀመሪያው ዋንጫ

ዋሪየርስ በ1962 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተዛውሮ ነበር። ዊልት በጃንዋሪ 1965 ወደ ፊላደልፊያ ተመልሶ ሴቨንቲ ሲክሰርስ ለተባለው ቡድን መጫወት ጀመረ። በዚያው ዓመት ከቦስተን ጋር በተደረገው ሰባተኛ ጨዋታ ፊላደልፊያ በአንድ ነጥብ ብቻ፣ 110 ለ 109፣ ተሸነፈ። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ኳስ ከሜዳ ዳር ሲገባ ጆን ሃቭሊቼክ የተባለው የቦስተን ተጫዋች ጠልፎ ስላስቀረባቸው ነበር።

በ1966 አሌክስ ሃነም የተባለ አሠልጣኝ መጣ። ሃነም በቡድኑ ውስጥ ብዙ ጥሩ አስቆጣሪዎች እንዳሉ አሳይቶ ዊልትን አሳመነው። ዊልት የሚያስቆጥረውን ወደ 24.1 ነጥብ ቀነሰ፤ በጨዋታ ወደ ስምንት የሚጠጉ ቅርጫት የሆኑ ኳሶችን ለጓደኞቹ ማቀበል ጀመረ። ፊላደልፊያ ካደረጋቸው 81 ጨዋታዎች 68ቱን አሸነፈ፤ ቦስተንንም 4 ለ 1 ረትቶ የስምንት ዓመት ተከታታይ የበላይነቱን አበቃ። በ1967 ዊልት በ30 ዓመቱ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሣ።

በቀጣዩ ዓመት ቅርጫት የሆኑ 702 ኳሶችን አቀብሎ በድምር የሊጉ አንደኛ ሆነ። የመሐል ተጫዋች በዚህ አንደኛ ሲወጣ ከዚያ በፊት አልታየም ነበር። ነገር ግን ማቀበሉም ራሱን የቻለ የቁጥር ውድድር ሆነበት የሚሉ ሰዎች አልታጡም። በ1968 ከቦስተን ጋር 3 ለ 1 እየመራ የነበረው ፊላደልፊያ ቀሪዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ተሸንፎ ወጣ። በመጨረሻው ጨዋታ ሁለተኛ አጋማሽ ዊልት ወደ ቅርጫቱ የወረወረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። ትናንት በዛ ተብሎ የተወቀሰው ሰው ዛሬ አነሰ ተብሎ ተወቀሰ።

የሎስ አንጀለስ የመከራ ዓመታት

በ1968 ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ተዛወረ። እዚያ ጄሪ ዌስትና ኤልጂን ቤይለር የተባሉ ሁለት ታላላቅ ተጫዋቾች ነበሩ። ሌከርስ በ1960 ከሚኒያፖሊስ ወደ ሎስ አንጀለስ ከመጣ ወዲህ ብዙ ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። በ1969 ከቦስተን ጋር በተደረገው የሰባተኛው ፍጻሜ ጨዋታ የድል ፊኛዎች በአዳራሹ ጣሪያ ተሰቅለው ይጠባበቁ ነበር። በጨዋታው መገባደጃ ዊልት ጉልበቱን ታምሞ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ልመለስ ቢልም አሠልጣኙ አልፈቀደለትም። ሌከርስ 108 ለ 106 ተሸነፈ፤ ፊኛዎቹም ከተሰቀሉበት ሳይለቀቁ ቀሩ።

ያች ምሽት ሌላም ነገር ወሰደችበት። ራስል ከጨዋታ ዓለም ከተሰናበተ በኋላ ዊልት ከሜዳ በመውጣቱ በአደባባይ ነቀፈው። ሁለቱ በሜዳ ቢፋለሙም በበዓል ቀን አንዱ በሌላው ቤት ማዕድ የሚቆርሱ ወዳጆች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት ተኳርፈው ኖሩ።

በኖቬምበር 1969 የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ብዙዎች ለዓመቱ አይመለስም ብለው ነበር፤ እርሱ ግን በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ልምምድ እየሠራ ውድድሩ ሳይጠናቀቅ ተመለሰ። በ1970ም ሌከርስ በሰባተኛው የፍጻሜ ጨዋታ፣ ያን ጊዜ በኒው ዮርክ ኒክስ፣ ተሸነፈ። ሎስ አንጀለስ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለፍጻሜ ደርሳ ስትሸነፍ ይህ ሰባተኛዋ ነበር።

የመጀመሪያዋ ቅብብል

በ1971 ቢል ሻርማን ሌከርስን ለማሠልጠን መጣ። ሻርማን ለቦስተን ከኩዚና ከራስል ጋር የተጫወተ ሰው ስለሆነ፣ የፈጣን መልሶ ማጥቃትን ሞተር ከውስጥ ሆኖ አይቶታል። ወደ ዊልት ይዞት የመጣው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ነጥብ ማስቆጠሩን ለጄሪ ዌስት፣ ለጌይል ጉድሪችና ለጂም ማክሚሊያን ተውላቸው፤ አንተ ተከላከል፣ ሪባውንድ ያዝ፣ የመጀመሪያዋን ቅብብል ወርውር የሚል ነበር። ለዊልት ይህ ማለት ዕድሜ ልኩን በንጽጽር የተወቀሰበትን የራስልን ሥራ መሥራት ማለት ነው።

ከዚህም በላይ ያች የመጀመሪያ ቅብብል በመዝገብ የማትገኝ ናት። ቅርጫት ለሆነ ኳስ የማቀበል ምስጋና የሚመዘገበው ለመጨረሻው አቀባይ ነው፤ ነጥቡም ለአስቆጣሪው ይጻፋል። ጥቃቱን ከቀለበቱ ሥር ለጀመረው ሰው የሚጻፍ ነገር የለም። በ35 ዓመቱ፣ በሊጉ ታሪክ ከማንም በላይ ነጥብ ያስቆጠረ ሰው፣ ስሙ የማይጻፍበትን ሥራ እንዲሠራ ተጠየቀ። እርሱም ተስማማ።

ሻርማን በጨዋታ ቀን ጠዋት ተጫዋቾቹ አዳራሽ ተገኝተው ቀለል ያለ ልምምድ እንዲሠሩ የሚያደርግ አዲስ ልማድ አስገባ። ዊልት ሌሊት የሚያመሽና ጠዋት መነሣት የማይወድ ሰው ቢሆንም ይህንንም ተቀበለ። በጉልበት ሕመም የተዳከመው ኤልጂን ቤይለር በኖቬምበር መጀመሪያ ከጨዋታ ሲሰናበት የአምበልነቱን ኃላፊነት ዊልት ተረከበ።

ኖቬምበር 5 ቀን 1971 ሌከርስ ባልቲሞርን አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል መሸነፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ከዚያ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን 20 ተከታታይ ድል ነበር፤ ሌከርስ 33 ላይ አደረሰው። እስከዛሬም አልተሰበረም። በየጨዋታው የሚታየው አንድ ዓይነት ነበር። ዊልት ከቀለበቱ ሥር ሆኖ የተጋጣሚን ውርወራ ያከሽፋል ወይም ያስታል፤ እርሱና ሃፒ ሄርስተን የነጠረውን ኳስ ይለቅማሉ፤ ዊልት ኳሱን በአንድ እጁ ብርቱካን እንደያዘ ሰው ጨብጦ ዳር ለቆሙት ዌስት ወይም ጉድሪች ይወረውረዋል፤ የዊልት እግር የራሱን ሜዳ ሳይለቅ ኳሱ በማዶ ቅርጫት ይገባል። ጉድሪችና ዌስት እያንዳንዳቸው በጨዋታ 26 ነጥብ ገደማ አስቆጠሩ። ዌስት ኳስ በማቀበል የሊጉ አንደኛ ሆነ። ቡድኑ በጨዋታ በአማካይ 121 ነጥብ አስቆጥሮ ሊጉን መራ። ዊልት በጨዋታ 14.8 ነጥብ ብቻ ሲያስቆጥር በ19.2 ሪባውንድ ከሁሉም በላይ ነበር።

የድሉን ሰንሰለት ጃንዋሪ 9 ቀን 1972 የበጠሰው ሚልዋኪ ባክስ ነው። የዚህ ቡድን የመሐል ተጫዋች ያን ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው ከሪም ዐብዱል ጀባር ነበር። ከሪም በኒው ዮርክ ታዳጊ ሳለ ዊልት እንደ ታላቅ ወንድም ያቀርበው ነበር። እስልምናን ከተቀበለ በኋላ በ1971 አዲሱን ስሙን በይፋ ይዞ መጫወት ጀመረ፤ በ1973ም ዐረብኛ ተምሮ ቁርኣንን በራሱ ለማጥናት ወደ ሊቢያና ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ተጓዘ። በ1972 ሁለቱ የምዕራቡ ምድብ አሸናፊ ለመሆን ተገናኙ። ከሪም ብዙ ነጥብ አስቆጠረ፤ በዐሥር ዓመት የሚበልጠው ዊልት ግን ውርወራዎቹን ለማክሸፍና ሯጮቹን ለማስነሣት ተጋ። ሌከርስ 4 ለ 2 አሸንፎ ለፍጻሜ አለፈ።

በፍጻሜው የጠበቀው ያው ኒው ዮርክ ነበር። ሌከርስ የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸንፎ ቀጣዮቹን ሦስት አሸነፈ። በአራተኛው ጨዋታ ዊልት ወድቆ የእጁ አንጓ ተጎዳ። ሜይ 7 ቀን 1972 እጆቹን በፋሻ አስሮ ወደ ሜዳ ገባ፤ 24 ነጥብ አስቆጥሮ 29 ሪባውንድ ያዘ። ሌከርስ 114 ለ 100 አሸነፈ። ሎስ አንጀለስ የመጀመሪያውን ዋንጫ አገኘች፤ ጄሪ ዌስት ከብዙ ዓመት የፍጻሜ ሽንፈት በኋላ እፎይ አለ፤ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመው ዊልት ሆነ። አሠልጣኙ ሻርማን ግን ለዚያ ዓመት ከባድ ዋጋ ከፍሏል። ከመስመር ዳር ሆኖ ሲጮህ የድምፅ አውታሩ ተጎድቶ ድምፁ እንደ ቀድሞው ሳይመለስ ቀረ።

ከሜዳ በኋላ

ዊልት አንድ ዓመት ተጫውቶ በ1973 ከሊጉ ተሰናበተ። በ14 ዓመት ውስጥ 31,419 ነጥብ አስቆጥሮ 23,924 ሪባውንድ ይዟል። የነጥቡን ክብረ ወሰን በ1984 የሰበረበት ከሪም ዐብዱል ጀባር ነው። የሪባውንዱ ግን እስካሁን የዊልት እንደሆነ ነው። በጥፋት ብዛት ከጨዋታ ተሰናብቶም አያውቅም፤ ያን የሚያህል ኃይል ያለው ሰው 1,045 ጨዋታ ያለ አንዲት መባረር መጫወቱ ኃይሉን ምን ያህል ይገዛ እንደነበር ይመሰክራል።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት በሳን ዲዬጎ አሠለጠነ፤ መረብ ኳስ ተጫወተ፤ ለስፖርቱ መስፋፋትም ገንዘቡንና ስሙን አዋለ። የልጅነት ፍቅሩን አትሌቲክስን ሳይረሳ የሯጮች ክበብ ደገፈ። በ1979 በቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ ስሙ ሰፈረ። ትዳር ሳይመሠርት በሎስ አንጀለስ ኮረብታ ላይ ባሠራው ሰፊ ቤት ኖረ።

በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት ሁለት የቆዩ ቁስሎች ሻሩለት። የመጀመሪያው ከራስል ጋር የነበረው ኩርፊያ ነው። ራስል ያን ጊዜ በሰጠው ነቀፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሁለቱ አዛውንቶችም እንደ ቀድሞው በስልክ እየተጨዋወቱ ይሳሳቁ ጀመር። ሁለተኛው የካንሳስ ጉዳይ ነው። በጃንዋሪ 1998 ዩኒቨርሲቲው የማልያ ቁጥሩን በክብር ሊሰቅል ሲጠራው፣ የተማሪነት ዘመኑን ጃኬት ለብሶ ወደ አዳራሹ ገባ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ ለረጅም ጊዜ አጨበጨበለት። ለአርባ ዓመት ያሳፈርኳቸው ናቸው ብሎ ሲሸሻቸው የነበሩት ሰዎች እንዳልተቀየሙት በዓይኑ አየ።

ከዚህ በኋላ ብዙም አልቆየም። ኦክቶበር 12 ቀን 1999 በቤቱ ሳለ በልብ ድካም ምክንያት በ63 ዓመቱ ዐረፈ። በመታሰቢያው ሥነ ሥርዓት ላይ ከተናገሩት መካከል ቢል ራስል አንዱ ነበር።

ስለ ዊልት ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው መቶውን ነጥብ ነው፤ እርሱ ራሱ ግን ስለ 1972ቱ ቡድን ሲያወራ ይኮራ ነበር። ከመቶው ነጥብ እያንዳንዱ በመዝገብ ሰፍሯል። በ1972 ከቀለበት ሥር ወደ ሜዳው ዳር የወረወራቸውን ኳሶች ግን የቆጠራቸው የለም። ዋንጫውን ያመጡት እነዚያ ነበሩ።